ሮም ደርሼ መጣሁ፤ ግን አልጣመችኝም

ፋሲል_ማዶ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሮም ሄጄ ከተመለስኩ ሰነበትኩ። ሰው ባገኘኝ ቁጥር «እንዴት ነበር ሮም?» ይለኛል። «ደስ ይላል» ብዬ አልፋለሁ። እውነቱን ግን እዚህ ልተንፍሰው።

ለማታውቁኝ፣ እንጀራዬ ጎንደር ላይ አስጎብኚነት ነው። ፋሲል ግቢ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም፣ መዋኛው። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭራሽ የለም። ሮም የምትኖረው ታላቅ እህቴ ጥሪ ላከችልኝ፣ ቪዛውም እንደምንም ወጣ፣ ነሐሴ ላይ በረርኩ። እህቴ አንዲት አሮጊት ነው የምትንከባከበው። ነፃ የምትሆነው ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከተማውን የዞርኩት ብቻዬን ነው።

ከትሬቪ ፏፏቴ ልጀምር። በ1762 እ.ኤ.አ. ያለቀ፣ በጣም ያማረ ሥራ ነው። ፖስት ካርዱ ላይ ውኃና ድንጋይ ብቻ ነው የሚታየው። በአካል ስትደርሱ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው። ሁሉም ፏፏቴውን ከኋላው አድርጎ ራሱን ያነሳል። ተገፍቼ ፊት ደረስኩ፣ ሳንቲሜን ወረወርኩ፣ ተገፍቼ ወጣሁ። ሳንቲሙ ለበጎ አድራጎት ነው የሚውለው፤ እሱ እንኳን ይባረክ።

ከዚያ የስፔን ደረጃ የሚሉት ጋ ሄድኩ። በድሮ ፎቶዎች ላይ ሰው ሞልቶ ተቀምጦበት ነው የማውቀው። እግሬ ዝሎ ነበርና እኔም ቁጭ አልኩ። ወዲያው ፊሽካ! ፖሊሱ በጣቱ «ተነሺ» አለኝ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መቀመጥ ክልክል ነው ለካ። ቅጣቱ 250 ዩሮ፤ ደረጃውን ካቆሸሻችሁ እስከ 400 ይደርሳል። ደረጃ እኮ ነው!

ቡናውስ? ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ግን ቆመው ነው የሚጠጡት። ባንኮኒ ጋ ከቆማችሁ አንድ ዩሮ ከምናምን ነው። እኔ አደባባይ ዳር ተቀምጬ አምስት ዩሮ ከፈልኩ። የወንበር መሆኑ ነው። ደግሞ በሦስት ጉንጭ አለቀ። አቦል የለ፣ ቶና የለ፣ በረካ የለ።

ሲስቲን ጸሎት ቤትን በጣም ጓጉቼለት ነበር። ሚኬላንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 እ.ኤ.አ. የሳለው ጣሪያ ነው፤ ስለ ጣሪያ ደግሞ እኔም የማወራው አለኝ። የቫቲካን ሙዚየሙን ኮሪደር ጨርሰን ገባን፣ ትከሻ ለትከሻ ቆመን አንጋጠጥን። በየደቂቃው ድምፅ ማጉያው «ሲሌንሲዮ!» (ጸጥታ!) ይላል። ቆም ስትሉ ደግሞ ጠባቂው ወደፊት ቀጥሉ ይላል። በዓመት ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚያልፍበት ቦታ ነው፤ ምን ያድርጉ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኔ ግን ሥላሴ እንግዳ ሳስገባ ምንጣፉ ላይ አስቀምጬ «አሁን ቀና በሉ» ነው የምለው። ከዚያ ዝም እላለሁ። የቀረውን ጣሪያው ላይ የተሳሉት መላእክት ዓይን ይጨርሰዋል።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ኮሎሲየም ላይ ያጋጠመችኝ አስጎብኚ ናት። ትኬቱን ከአንድ ድረ ገጽ በእጥፍ ዋጋ ነው የገዛሁት፤ ዋናው ላይ አልቆ ነበር። ልጅቷ የተዘጋ ጃንጥላ ወደ ላይ ይዛ ትሮጣለች፣ እኛ ጆሯችን ላይ ማዳመጫ ሰክተን እንከተላለን። አንዱንም ከየት መጣህ አላለችም። አንድ ሽማግሌ ጥያቄ ሲጠይቁ ሰዓቷን አይታ «በኋላ» አለች። በኋላ የሚባለው ሳይመጣ ተበተንን።

ሮም አስቀያሚ ናት አላልኩም። ግን የትም ቦታ «አረፍ በይ» ያለኝ የለም። ሁሉ ነገር በሰዓት ተሸንሽኖ ተሽጧል። ከእናንተ መካከል ውጭ ሄዶ እንዲህ የሆነ አለ? ወይስ እኔ ነኝ አመለኛዋ?

አዘዞ_ሰፈር

እኔ እንኳን ሮም፣ አዲስ አበባም ሄጄ እንዲህ ሆኛለሁ። የወንበር ሂሳብ ግን አልሰማሁም። ለጎንደር ካፌዎች እንዳትነግሪብን።

የቀሃ_ልጅ

እህቴ፣ ነሐሴ ላይ ሮም የሄደ ሰው ባይማረር ነው የሚገርመኝ። ሮማውያን ራሳቸው ጥለዋት የሚሄዱበት ወር ነው። የእነሱ ኦገስት 15 ፌራጎስቶ የሚባል በዓል አለ። በዚያ ሰሞን ሰፈር ውስጥ ያለው ደህና ምግብ ቤት ሁሉ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ወደ ባሕር ይወርዳል። የሚቀረው ለቱሪስት የተከፈተው ብቻ ነው። ሙቀቱም 35 ዲግሪን ሲያልፍ ብርቅ አይደለም። አንቺ ከጎንደር ክረምት ተነስተሽ እዚያ እሳት ውስጥ ገባሽ። ጥቅምት ብትሄጂ ሌላ ከተማ ነበር የምታዪው።

ፋሲል_ማዶ

የቀሃ ልጅ፣ ጥቅምት ለእኔ የሥራ መጀመሪያ ነው። ጥር ልሂድ እንዳልል ጥምቀት አለ። አስጎብኚ ቱሪስት መሆን የሚችለው ቱሪስት በሌለበት ወር ነው፤ የእኛ ክረምት ደግሞ የእነሱ በጋ ሆነ። ሙቀቱንስ ችዬዋለሁ። ፊሽካውን ግን ጥቅምት አይለውጠውም።

ጡረተኛው_መምህር

ልጄ፣ እንኳን በደህና ተመለስሽ። ንዴትሽ ገብቶኛል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከኮሎሲየሙ አጠገብ ያለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ጋ ደርሰሻል? ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን የጨረሰው እዚያ ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ። ማታ ስለነበር መንገዱን በችቦ ነበር ያበሩት። የአክሱም ሐውልት ያኔ እዚያው አቅራቢያ ቆሞ ነበር፤ አበበም በአጠገቡ አልፏል። ጣሊያን ሐውልቱን ልትመልስ በ1947 እ.ኤ.አ. የሰላም ውል ፈርማ፣ የመለሰችው በ2005 ነው። ይኼንን ቁጠሪው።

ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወጣ ስትዪ ደግሞ የዶጋሊ ሐውልት አለ። ራስ አሉላ በ1887 እ.ኤ.አ. ለደመሰሱት የጣሊያን ጦር መታሰቢያ ያቆሙት ነው። ዘርዓይ ደረስ በ1938 እ.ኤ.አ. ጎራዴ የመዘዘው እሱ ጋ ነው። ቱሪስት ሻንጣውን እየጎተተ ያልፈዋል።

ሌላም ልጨምርልሽ፤ ይኼ የጎንደር ጉዳይ ነው። አፄ ፋሲል የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን ኢየሱሳውያንን ካስወጡ በኋላ ሮም ከደረሱት ሐበሾች አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ቫቲካን ውስጥ የሐበሾች ማረፊያ የነበረ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሉዶልፍ የሚባለው ጀርመናዊ በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም አገኛቸውና ተማረባቸው። በኋላ የግዕዙንም የአማርኛውንም ሰዋስው ያሳተመው ከእሳቸው ባገኘው ዕውቀት ነው። ሮም ለእኛ ፏፏቴ ማያ ብቻ አይደለችም። ሂሳብ ያለን ከተማ ናት።

ፋሲል_ማዶ

የኔታ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ቅስቱ ጋ ቆሜያለሁ፤ ዙሪያው ታጥሯል። አስጎብኚዋ ስለ ቆስጠንጢኖስ ተናግራ ስለ አበበ አንድ ቃል ሳትተነፍስ አለፈች። እኔ አላስቻለኝም። ከኋላዬ ለነበሩ አንድ የብራዚል ቤተሰብ በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። ልጃቸው «በባዶ እግሩ? ይኼን ድንጋይ?» ብሎ ጫማውን አውልቆ መንገዱ ላይ ቆመ። እናትየው ሳቀች። ከዚያ ጉብኝት ደስ ያለኝ ያቺ ቅጽበት ብቻ ናት። ስለ አባ ጎርጎርዮስ ግን ከእርስዎ መስማቴ ነው፤ አሁን ግቢው ውስጥ ስለ ፋሲል ሳወራ እጨምራታለሁ።

ባለ_ባጃጁ

አንድ ጥያቄ አለኝ። የኛን ፒያሳ የሠራት ጣሊያን ነው ይባል የለ? ሮም ስትደርሺ «ኧረ ይኼ ሰፈራችን ነው» የሚያሰኝ ነገር አለ?

ቅዳሜ_ገበያ_ሮም

ባለ ባጃጁ፣ እኔ ልመልስልህ። ማርሞራታ የሚባል መንገድ ላይ አንድ ፖስታ ቤት አለ፤ የ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥራ ነው። ነጭ፣ ለጥ ያለ፣ ጌጥ የሌለው። መጀመሪያ ሳየው ፒያሳ ያለው ፖስታ ቤታችን ትዝ ብሎኝ ቆሜ ቀረሁ። አንድ አይደሉም፤ ያንድ ዘመን ልጆች ግን ናቸው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን እስኪሰጥ ነው ያን ሁሉ የገነባው። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ትልቁ ምሽጉም እኛው ጋ ነበር፤ ይኼን ለልጆችህ ንገራቸው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ፋሲል ማዶ። ሮም ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የተወለድኩት ግን ቅዳሜ ገበያ ነው። ተናደድኩብሽ! መምጣትሽን እዚህ አንድ መስመር ብትጽፊ ምን ነበረበት? አንቺ ያየሽው ሮምን ሳይሆን ሮም ለእንግዳ የምታወጣውን ሳሎን ነው።

አረፍ የሚያስብል ቦታ የለም ላልሽው፣ አቬንቲኖ ኮረብታ ላይ የብርቱካን ዛፍ የተተከለበት መናፈሻ አለ። ነፃ ነው። አግዳሚ ወንበር አለው፣ የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት ከሩቅ እያየሽ እስኪመሽ ብትቀመጪ የሚያስነሳሽ የለም። ቪላ ቦርጌዜ የሚባለው መናፈሻም ሙሉ ጫካ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስን ጠዋት በራቸው ሲከፈት፣ አንድ ሰዓት ላይ በኛ አቆጣጠር፣ መግባት ነው። መግቢያው በነፃ ነው፣ ሰዉም ገና አልነቃም። ረቡዕ ግን ተዪው፤ ጳጳሱ ሕዝብ የሚያገኙበት ቀን ነው። ፓንቴዮን የሚባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ በ2023 እ.ኤ.አ. 5 ዩሮ ማስከፈል ጀምሯል። ጉልላቱ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ሊጠጋ ነው፣ መሀሉ ክፍት ነው፣ ሲዘንብ ዝናቡ ውስጥ ይገባል። የኮሎሲየም ትኬት ዋናው ድረ ገጽ ላይ ከ30 ቀን በፊት ነው የሚለቀቀው፤ ስምሽና ፓስፖርትሽ መግጠም አለበት። ያን ቀን ካላገኘሽ ነጋዴ ያነሳዋል፣ ከዚያ እጥፍ ነው።

ደግሞ ፍልሰታ ላይ ነበርሽ። ምን በላሽ?

ፋሲል_ማዶ

ቅዳሜ ገበያ፣ ደህና አድርገህ ቆጣኸኝ። ፍልሰታን ዳቦና ቲማቲም በላሁ። እህቴ ስትመጣ ሽሮ ትሠራለች፤ እሷ በሌለችበት ቀን ምን ልበላ? አይብ የሌለበት ነገር ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መዞር ነው።

አንድ የወደድኩትን ግን ልናገር፤ ሁሉን አጣጣልሽ እንዳትሉኝ። በየመንገዱ ከብረት የተሠሩ ትንንሽ የውኃ ቧንቧዎች አሉ። ቀን ከሌት ይፈስሳሉ፣ በነፃ፣ ውኃው ደግሞ ጥርስ ያማል። አንዲት አሮጊት ናት ያሳየችኝ። ጫፉን በጣት ድፍን ሲያደርጉት ከላይ በኩል ባለች ትንሽ ቀዳዳ ውኃው ቀስት ሠርቶ ይወጣል፤ ጎንበስ ሳይሉ መጠጣት ነው። እኔ ስሞክረው ፊቴን አጠበኝ፤ ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጎንደር በሳምንት ስንት ቀን ውኃ እንደሚመጣልን አስባችሁ ፍረዱኝ። እዚያ ቧንቧ ጋ ቆሜ ትንሽ ቀናሁ።

ቅዳሜ_ገበያ_ሮም

እነሱ ናዞኒ ይባላሉ፤ በከተማው ከ2,000 በላይ አሉ። ለጾም ደግሞ ማሪናራ የሚባለውን ፒዛ እዘዢ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ነው፤ አይብም ዓሳም የለበትም። ዋጋውም ከሁሉ ዝቅ ያለ ነው። እኔ ስንቱን ጾም የተሻገርኩት በእሱ ነው። ካልሆነ ቴርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ቤት ሞልቷል፣ በያይነቱ አለ።

ከቶሮንቶ_መጣሁ

ይቅርታ አድርጉልኝና የኛንስ ነገር ማን ይናገር? የዛሬን አያድርገውና መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ልጆቼን ይዤ ጎንደር መጥቼ ነበር። እዚያው ተወልጄ አድጌ፣ በር ላይ የውጭ ዜጋ ዋጋ ክፈል ተባልኩ። ፓስፖርቴ የካናዳ ነው፣ እሺ ከፈልኩ። አስጎብኚው ደግሞ ስልኩን እያወራ ነበር የሚያዞረን። ልጄ የአንበሳ ቤቱን ስታይ «አንበሶቹስ የት ሄዱ?» ብትለው «አሁን የሉም» ብሎ አለፈ። ታሪክ አለው እኮ፤ ለሕፃን የሚነገር ታሪክ። እውጭ ስንወጣ አምስት ልጆች እስክሪብቶ ስጡን እያሉ እስከ ሆቴል ሸኙን። እኔስ ተወልጄበታለሁ፣ ልጆቼ ግን ያኔ ምን እንዳሉ እዚህ አልጽፈውም። ስለዚህ እህቴ፣ ሮምን ስንወቅስ ቀስ እንበል።

ፋሲል_ማዶ

ወንድሜ፣ ያ አስጎብኚ ማን እንደሆነ ባውቅ እኔው ነበርኩ የምጠይቀው። ለልጅህ ያልተነገራትን ልንገራት። አንበሶች በግቢው በነገሥታቱ ዘመን ይያዙ ነበር፤ ልማዱ እስከ ቅርብ ጊዜ ቀጥሎ የመጨረሻዎቹ የተወሰዱት በ1990ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኔ ሕፃን ሲኖር «የአንበሳ ድምፅ ማሰማት የሚችል?» ብዬ ነው የምጀምረው። ሁሌም አንዱ ይችላል።

ግን እኮ የምለውን ነው ያጠናከርክልኝ። እኔ ሮም ላይ የተናደድኩት ፈረንጅ ስለሆኑ አይደለም። ሙያው አንድ ነው። እንግዳ እየዞረ ስልክ የሚያወራ ጎንደሬና ጃንጥላ ይዛ የምትሮጥ ሮማዊት ለእኔ ልዩነት የላቸውም። እሷ እንዲያውም ትንሽ ምክንያት አላት፤ በቀን ስንት ቡድን እንደምትይዝ እግዜር ይወቅ። የኛው ሰው በዚህ ዘመን እንግዳ ለወር አላየም፤ አንድ ቤተሰብ ሲያገኝ ምን ያስቸኩለዋል?

ሳሙና_በር

እኔ ስለ ደረጃው ነው የማወራው። ፋሲል ማዶ ብዙ ነገርሽ ልክ ነው፣ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። የኛ ሰው ፋሲል ግቢ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ሲበላ «ቅርስ አይጠበቅም» ብለሽ የምትጽፊው አንቺ አይደለሽም? እዚሁ ቤት አንብቤዋለሁ! የስፔኑ ደረጃ በ2016 እ.ኤ.አ. ከታደሰ በኋላ ነው መቀመጥ የተከለከለበት። ድንጋይ ያልቃል። ቅባት፣ ማስቲካ፣ ወይን ጠጅ ይፈስበታል። ሰው ሲበዛ ሕግ ይበዛል።

ደግሞ ሕግ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን እኛ እናውቃለን። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት መዋኛው ላይ የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ ስንት ሰው ነው ያጣነው? ያን ቀን አንድ ፊሽካ የሚነፋ ሰው በኖረ ነበር ያልኩት።

ፋሲል_ማዶ

ስለ ጥምቀቱ የምትለው ልክ ነው። ያን ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ነፍስ ይማር።

ስለ ደረጃው ግን አልለቅህም። ቆሎ የሚበላውንና እግሩ የዛለውን ለዩልኝ ነው ያልኩት። መብላት ይከልከል፣ መጠጣት ይከልከል። ደረጃው ከተሠራ ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ያን ሁሉ ዘመን ሰው ሲቀመጥበት ኖሯል። ወይ ከልክለው ጎኑ ላይ ወንበር ያስቀምጡ። ወንበሩ ያለው አምስት ዩሮ ቡና ጋ ነው። እኔን የቆጨኝ ይኼ ነው።

ሳሙና_በር

በወንበሩ እስማማለሁ። በቀረው አልስማማም።

ማራኪ_ጊቢ

ከእናንተ ክርክር ወጣ ልበልና፣ እኔም ወንድሜ ቦሎኛ ስላለ በሚቀጥለው ዓመት ላመለክት ነው። ቪዛው ስንት ጊዜ ወሰደ? ጎንደር ሆኖ ማመልከት ይቻላል?

ፋሲል_ማዶ

ማራኪ፣ ጎንደር ሆኖ አይሆንም፤ አሻራ ስለሚሰጥ አዲስ አበባ በአካል መሄድ ግድ ነው። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሉሽም አይመለስም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን ምላሽ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አስረዝሞታል። ስለዚህ ቲኬትሽን ቶሎ እንዳትቆርጪ። ከጉዞሽ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይፈቀዳል። የወንድምሽን ጥሪ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ቅጂ፣ የባንክ መግለጫሽን አዘጋጂ። እዚህ ሥራ ወይ ቤተሰብ እንዳለሽ የሚያሳይ ወረቀት ካለሽ እሱም ይረዳል፤ እኔን በጣም የጠየቁኝ ተመልሼ የምመጣበትን ምክንያት ነው። የአስጎብኚ ፈቃዴን አሳየሁ።

ቦሎኛ ስትደርሺ ጣራ ያለው የእግረኛ መንገዱን እዪና እዚህ ጻፊልን። አግዳሚ ወንበር ካለውም ንገሪን።

ቅዳሜ_ገበያ_ሮም

ቦሎኛ ወንበር አለ። ማራኪ፣ ሮም የምታልፊ ከሆነ ግን ቀድመሽ እዚህ ጻፊ፤ ሁለተኛ አልቆጣም።